የሶሲዮሎጂ የመጀመሪያ ዲግሪ ትምህርትና የመስክ ጥናት በኢትዮጵያ

ሶሲዮሎጂ በኢትዮጵያ ለመጀመሪያ ዲግሪ ሲሰጥ የቆየበት ታሪክ ብዙ ጊዜ የሚነገረው በትምህርት ክፍሎች መቋቋምና መታጠፍ ነው። ይሁን እንጂ የትምህርቱን ፍሬ በይበልጥ የወሰነው፣ ተማሪው ከመመረቁ በፊት በአንድ ሥፍራ ተቀምጦ የሰውን ኑሮ የሚያጠናበት ጊዜ ማግኘቱ ወይም ማጣቱ ነው።

የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ በ1943 ዓ.ም. ሲከፈት ስለ ኅብረተሰብ የሚያስተምሩት መጻሕፍት ከባሕር ማዶ የመጡ ነበሩ። ምሳሌዎቻቸውም የፋብሪካ ከተሞችና የስደተኞች ሠፈሮች እንጂ ርስት፣ ጉልት ወይም ደቦ አልነበሩም። ይህን ጉድለት መሙላት የጀመሩት ተማሪዎቹ ራሳቸው ናቸው ቢባል ማጋነን አይሆንም። በ1940ዎቹ አጋማሽ የኮሌጁ የኢትኖሎጂ ማኅበር መጽሔት ማሳተም ሲጀምር፣ ወጣቶቹ በየተወለዱበት አገር ስላለው ልማድ እየጻፉ አቀረቡ። ጽሑፎቹ አጫጭርና በንድፈ ሐሳብ ረገድ ደካሞች ቢሆኑም ተመራማሪዎች ዛሬም ይጠቅሷቸዋል።

ከዚያ በኋላ የተማሪውን ዓይን በተለይ የሳበው እድር ነው። ስለ እድር ማጥናት ለአዲስ አበባ ልጅ ቀላል ይመስላል፤ ጡሩምባው ሲነፋ እየሰማ አድጓልና። ዳሩ ግን ዳኛው እንዴት እንደሚመረጥ፣ ገንዘብ ያዡ ሒሳቡን ለማን እንደሚያቀርብ፣ ከቀብር የቀረ አባል ስንት እንደሚቀጣ፣ መዋጮ መክፈል ያቃተው ድኻ ምን እንደሚደረግ ከቤቱ ሳለ ጠይቆ አያውቅም። መዝገቡን ገልጦ ሲመለከት፣ የለቅሶ መረዳጃ ብሎ የሚያውቀው ነገር የተጻፈ ደንብና የራሱ ሹማምንት ያሉት፣ ቋንቋቸውና ሃይማኖታቸው የተለያየ ጐረቤቶችን በአንድ ድንኳን ሥር የሚያስቀምጥ ድርጅት ሆኖ ያገኘዋል። የሶሲዮሎጂ ትምህርት ዋናው ቁም ነገር ይኸው ነው፤ የለመዱትን ነገር እንደ እንግዳ ሆኖ መጠየቅ።

በ1954 ዓ.ም. የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ከተመሠረተ በኋላ፣ ከ1957 እስከ 1966 ዓ.ም. የዘለቀው የኢትዮጵያ ዩኒቨርሲቲ አገልግሎት ለዚህ ጥያቄ አንድ ሙሉ ዓመት ሰጠው። ተማሪው ከመመረቁ በፊት በጠቅላይ ግዛቶች ለአንድ ዓመት እንዲያገለግል ግዴታ ነበረበት። አብዛኞቹ የተመደቡት በመምህርነት ስለነበር፣ ቀን ጂኦግራፊ ሲያስተምር የዋለ ወጣት ማታ በተከራየው ቤት የጭሰኛው ልጅ ከትምህርት ገበታ የሚቀርበትን ምክንያት ሊሰማ ይችል ነበር። (ሶሲዮሎጂና መምህርነት ከጥንትም ዘመዳሞች ናቸው። ፈረንሳዊው ኤሚል ዱርኬም እ.ኤ.አ. በ1887 በቦርዶ ሲሾም ሥራው የማኅበራዊ ሳይንስና የማስተማር ጥበብ ትምህርት መስጠት ነበር።) አገልግሎቱን ተማሪዎች ሁሉ በደስታ አልተቀበሉትም፤ ቅሬታም አልጠፋም። ቢሆንም ለሶሲዮሎጂ ተማሪ ከዚያ የተሻለ ዕድል በኋላ አልተገኘም።

በታኅሣሥ 1967 ዓ.ም. የተጀመረው የእድገት በኅብረት የዕውቀትና የሥራ ዘመቻ 60 ሺህ ያህል ተማሪዎችንና መምህራንን ወደ ገጠር ሲያሰማራ ዩኒቨርሲቲው ተዘጋ። ዘማቹ ግን የተላከው ሊጠይቅ ሳይሆን ሊያስተምር፣ ሊያደራጅና የመሬት አዋጁን ሊያስፈጽም ስለነበር፣ ገጠሩን ያየው በሌላ ዓይን ነው። ትምህርቱ ሲቀጥል፣ በ1950ዎቹ መባቻ የተቋቋመው የሶሻል ወርክ ትምህርት ቤት ከሶሲዮሎጂ ጋር ተቀላቀለ፤ ራሱን ችሎ እንደገና የተከፈተው እ.ኤ.አ. በ2004 ነው። ማርክሲዝም ሌኒኒዝምም ለተማሪው ሁሉ ግዴታ ሆነ። መልሱ አስቀድሞ የተወሰነለት ጥያቄ ይዞ ወደ መስክ መውጣት አስቸጋሪ ነበር።

ሳይለወጥ የቆየው የመመረቂያ ጽሑፍ ነው። እርሱም ቢሆን የሚጻፈው በእንግሊዝኛ ነው፤ ገበሬው ወይም የእድሩ ዳኛ በአገሩ ቋንቋ የሰጠው መልስ ተተርጕሞ በቤተ መጻሕፍት መደርደሪያ ላይ ይቀመጣል እንጂ ወደ መላሹ አይመለስም። ለዕቅድ አውጪው እንኳ የሚደርሰው እምብዛም ነው።

ከ1996 ዓ.ም. ወዲህ ዲግሪው ከ4 ዓመት ወደ 3 ዓመት ሲያጥር፣ የመስክ ሥራ ጊዜ አብሮ ተጨመቀ። በ2001 ዓ.ም. ግድም ደግሞ ከመቶ 70 እጅ የሚሆኑት ተማሪዎች ወደ ተፈጥሮ ሳይንስና ቴክኖሎጂ፣ 30 እጁ ብቻ ወደ ማኅበራዊ ሳይንስ እንዲመደቡ ተወሰነ። ከ2012 ዓ.ም. ጀምሮ አራተኛው ዓመት ተመልሷል፤ የተጨመረው ዓመት ግን የተሰጠው ለመስክ ሳይሆን በመግቢያው ላይ ለሚወሰዱት የጋራ ትምህርቶች ነው።