የታሪክ ማስታወሻ፦ ከልደት በፊት የሚጀምር ሰዓት

በአንጎል ግርጌ፣ ከሁለቱ ዓይኖች የሚነሡት ነርቮች ከሚተላለፉበት ስፍራ በላይ፣ ግራና ቀኝ የተቀመጡ ሁለት ጥቃቅን የሕዋሳት ጥርቅሞች አሉ። የሳይንስ ስማቸው ሱፕራካያዝማቲክ ኑክሊየስ ነው። በአይጥ አንጎል ውስጥ የሁለቱ ድምር 20 ሺህ ያህል የነርቭ ሕዋስ ቢሆን ነው። እንቅልፍና ንቃትን፣ የሰውነት ሙቀትን፣ የሆርሞኖችን ዕለታዊ ውጣ ውረድ ከቀኑ ዑደት ጋር የሚያስማማው ይህ ክፍል ስለሆነ የአንጎል ሰዓት ይባላል። ተመራማሪዎች በመጀመሪያ የጠየቁት ሰዓቱ እንዴት እንደሚቆጥር ነበር። በጽንሱ አንጎል ውስጥ የትኞቹ ዘረ-መሎች እንደሚያበጁት መጠየቅ የጀመሩት ዘግይተው ነው።

በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1971 ሮናልድ ኮኖፕካ የተባለ ተማሪና መምህሩ ሲይሞር ቤንዘር በካሊፎርኒያ የቴክኖሎጂ ተቋም ሰዓታቸው የተዛባ የፍራፍሬ ዝንቦችን አገኙ። ዝንቦቹን ዘረ-መል ለሚለውጥ ኬሚካል አጋልጠው ዘሮቻቸውን መረመሩ። የአንዱ ዘር ቀን ወደ 19 ሰዓት አጠረ፤ የሌላው ወደ 28 ሰዓት ረዘመ፤ ሦስተኛው ጭራሽ ሰዓት አልነበረውም። የሚገርመው ሦስቱም ለውጦች በኤክስ ክሮሞዞም ላይ አንድ ስፍራ መገኘታቸው ነው። ዘረ-መሉ ፒሪየድ ተባለ። በ1984 ጄፍሪ ሆል፣ ማይክል ሮስባሽና ማይክል ያንግ ለይተው አወጡት። ከእርሱ የሚሠራው ፕሮቲን ቀስ በቀስ ይጠራቀምና ወደ ሕዋሱ አስኳል ተመልሶ የገዛ ዘረ-መሉን ሥራ ያስቆማል። ፕሮቲኑ ሲፈርስ ሥራው እንደገና ይጀመራል፤ አንዱ ዙር አንድ ቀን ያህል ይፈጃል። ሦስቱ በ2017 የኖቤል ሽልማት ተሰጣቸው። ቤንዘር በ2007፣ ኮኖፕካ በ2015 አርፈው ስለነበር ሽልማቱ አልደረሳቸውም።

ነገሩ የዝንብ ብቻ አይደለም። በ2001 በአሜሪካ የዩታ ተመራማሪዎች ከምሽቱ 1 ሰዓት ተኩል አካባቢ እንቅልፍ የሚጥላቸው፣ ከሌሊቱ 10 ሰዓት ተኩል ገደማ የሚነቁ የአንድ ቤተሰብ አባላትን መረመሩ። መንስኤው ፐር2 በተባለው፣ የዝንቡ ዘረ-መል ዘመድ በሆነው የሰው ዘረ-መል ላይ የደረሰ አንድ ነጠላ ለውጥ ሆኖ ተገኘ።

የሰዓቱ መቀመጫ የታወቀው በ1972 ነው። ሮበርት ሙርና ቪክተር አይክለር በአንድ በኩል፣ ፍሬድሪክ ስቴፋንና ኧርቪንግ ዙከር በሌላ በኩል፣ የአይጠ-መጎጦችን ሱፕራካያዝማቲክ ኑክሊየስ አጥፍተው ውጤቱን ተመለከቱ። የስቴፋንና የዙከር እንስሳት መጠጣቱንም መሯሯጡንም አልተዉም፤ የሚጠጡበትና የሚሯሯጡበት ጊዜ ግን ሥርዓት አጣ።

ዘረ-መሉንና ስፍራውን ያገናኘችው ሃምስተር የተባለች አይጥ መሰል እንስሳ ናት። ማርቲን ራልፍና ማይክል ሜናከር በ1988 እንደዘገቡት፣ ለቤተ ሙከራ ከተገዙ ሃምስተሮች መካከል ቀኑ ያጠረ አንድ እንስሳ በአጋጣሚ ተገኘ። ለውጡን ከሁለቱም ወላጆች የወረሱት ዘሮቹ ቀን 20 ሰዓት ብቻ ሆነ። በ1990 ተመራማሪዎቹ የአንዱን ሃምስተር ሰዓት አጥፍተው ከሌላው የተወሰደ የሰዓት ሕዋስ ተከሉበት። ሥርዓቱ ተመለሰ፤ የተመለሰው ግን ሁልጊዜ በለጋሹ ልክ ነበር። የ20 ሰዓት ሕዋስ የተተከለበት ጤነኛ ሃምስተር በ20 ሰዓት መዞር ጀመረ። በዚህ መስክ ከተደረጉት ሙከራዎች ሁሉ ይህን ያህል ክርክር የሚዘጋ ማግኘት ያስቸግራል።

ሰዓቱ መቁጠር የሚጀምረው መቼ እንደሆነ ደግሞ ከዚያ ቀደም ብሎ፣ በ1983፣ ስቲቨን ሬፐርትና ዊልያም ሽዋርትዝ አሳይተው ነበር። በአይጠ-መጎጥ ጽንስ ውስጥ ይህ የአንጎል ክፍል ቀን ብዙ ስኳር፣ ሌሊት ጥቂት ስኳር ሲጠቀም ታየ። ብርሃን ያላየው ጽንስ የሚከተለው የእናቱን ሰዓት ነው። በሕዋሳቱ መካከል ያለው ግንኙነት በብዛት የሚዘረጋው ግን ከልደት በኋላ ነው፤ ከዓይን የሚመጣው የነርቭ መስመርም ከልደት በኋላ ይደርሳል። እንግዲህ ሕዋሳቱ በወጉ ሳይተሳሰሩ፣ ብርሃንም ሳይደርሳቸው መቁጠር ጀምረዋል ማለት ነው።

የግንባታው ታሪክ የተጻፈው በአብዛኛው በአይጥ ላይ ነው። የአይጥ እርግዝና 3 ሳምንት ያህል ሲሆን የሰዓቱ ሕዋሳት የሚፈጠሩት በግምት ከ10ኛው እስከ 15ኛው ቀን ነው። ቦታውን የሚለዩት እንደ ሲክስ3፣ ሲክስ6 እና ኤልኤችኤክስ2 ያሉ ሌሎች ዘረ-መሎችን የሚያዝዙ ዘረ-መሎች ናቸው፤ እነዚሁ ዓይንንም ያበጃሉ። ሲክስ6 የሌላቸው አይጦች ሱፕራካያዝማቲክ ኑክሊየስ ሳይኖራቸው ይወለዳሉ፤ የዕለት እንቅስቃሴያቸውም ይዛባል።

ኤልኤችኤክስ1 የተባለው ዘረ-መል የሚሠራው ግን ሌላ ነው፤ ሕዋሳቱን ያስተባብራል። በ1995 ዴቪድ ዌልሽና ባልደረቦቹ ሕዋሳቱን በመስታወት ሳህን ላይ በታትነው እያንዳንዳቸው የየራሳቸው ሰዓት እንዳላቸው አሳይተዋል፤ አንዱ ይፈጥናል፣ ሌላው ይዘገያል። በአንጎል ውስጥ አንድ የሚያደርጓቸው እርስ በርስ የሚላላኳቸው ኬሚካሎች ናቸው፤ ዋናው ቪአይፒ ይባላል። በ2014 የጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲና የሳልክ ተቋም ቡድኖች በየፊናቸው ኤልኤችኤክስ1ን ከአይጦች ሲያስወግዱ ሕዋሳቱ ነበሩ፤ ቪአይፒና ሌሎች መልእክተኞች ግን እጅግ ቀነሱ። ከበሮው እንደቆመበት የመዘምራን ጓድ እያንዳንዱ በየራሱ ቀጠለ፤ ዜማው ግን አልገጠመም። የሕዋሳቱ መኖር ብቻውን ሰዓት አያደርጋቸውም።

አናጺ የሆኑ ዘረ-መሎች ሥራቸውን ጨርሰው ይሰናበታሉ የሚለው ግምትም አልጸናም። በ2015 በእንግሊዝ ሃርዌል የተጠና ዜድኤፍኤችኤክስ3 የተባለ ዘረ-መል ሲለወጥ የአይጦቹ ቀን አጠረ። በኋላ ዘረ-መሉ ካደጉ አይጦች ላይ ሲወገድም ሰዓታቸው ተናጋ።

በሰው ልጅም ግንባታው በልደት ቀን አያበቃም። ጨቅላ ሕፃን ቀንና ሌሊትን ለይቶ መተኛት የሚጀምረው አብዛኛውን ጊዜ ከ2 እስከ 3 ወር ሲሞላው ነው። ከዚያ በፊት ሌሊቱን ሁሉ እየነቃ ወላጆቹን ቢያስቸግር፣ ጠባዩ ከፍቶ ሳይሆን ሰዓቱ ገና ስላልበሰለ ነው።