የሻላ አመድና የኪቢሽ አጥንቶች

ኦሞ ኪቢሽ በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ፣ የኦሞ ወንዝ ቱርካና ሐይቅ ከመግባቱ በፊት በሚያቋርጠው ደረቅ ምድር ላይ ይገኛል። እ.ኤ.አ. በ1967 ሪቻርድ ሊኪ የመራው የኬንያ ቡድን እዚህ አንድ የራስ ቅልና ሌሎች የሰው አጥንቶችን አገኘ። ተመራማሪዎች «ኦሞ 1» ይሉታል። የራስ ቅሉ ከፍ ብሎ የተድቦለቦለ ነው፤ አገጭም አለው። ሆሞ ሳፒየንስ፣ ማለትም የእኛው ዘር ነው።

ዕድሜው ግን ስንት ነው? ለዚህ ጥያቄ በግማሽ ምዕተ ዓመት ውስጥ ሦስት የተለያዩ መልሶች ተሰጥተዋል።

የመጀመሪያው መልስ 130,000 ዓመት ነበር። የተገኘውም በአካባቢው በተገኘ የወንዝ ፍጥረታት ዛጎል ላይ ዩራኒየምና ቶሪየም ተለክቶ ነው። ችግሩ ዛጎል ከተቀበረ በኋላም ከአካባቢው ውኃ ዩራኒየም መሳቡ ነው፤ ስለዚህ ልኬቱን ማመን አዳጋች ነበር። ብዙ ሰው የሚያውቀው ካርበን 14 ደግሞ ከ50,000 ዓመት ግድም ወዲያ አይዘልቅም፤ ለኪቢሽ ምንም አይፈይድም።

ከ1999 ጀምሮ ሌላ የተመራማሪዎች ቡድን ወደ ቦታው ተመለሰ። ከአፈሩ ውስጥ ያወጡት የጭን አጥንት ስባሪ በ1967 ከተገኘው ስባሪ ጋር ልክክ ብሎ ገጠመ፤ ቦታው ያው የድሮው መሆኑ በዚህ ተረጋገጠ። በ2005 ኢያን ማክዱጋልና ባልደረቦቹ ዕድሜውን ወደ 195,000 ዓመት ከፍ አደረጉት።

የተመኩት በአጥንቱ ሳይሆን በእሳተ ገሞራ አመድ ነበር። በአመድ ውስጥ ፖታሲየም ያለባቸው ጥቃቅን ክሪስታሎች ይገኛሉ። የፖታሲየም 40 የተወሰነ ክፍል እጅግ በዝግታ ወደ አርጎን ጋዝ ይለወጣል። እሳተ ገሞራው ሲፈነዳ ሙቀቱ የቀድሞውን አርጎን ያስወጣዋል፤ ከዚያ ወዲህ የተጠራቀመውን የለካ ፍንዳታው መቼ እንደደረሰ ያውቃል። ነገር ግን የተለካው አመድ ተቆራርጦ የሚገኝ ስለነበር፣ አጥንቶቹ ካሉበት ንብርብር ጋር ያለው ዝምድና አከራካሪ ሆኖ ቆየ።

ከአጥንቶቹ በላይ መሆኑ የማያጠራጥር ሌላ አመድ ግን ነበር፤ ከሁለት ሜትር በላይ ውፍረት ያለው። ይህ አመድ ቢለካ ክርክሩ ባበቃ ነበር። ሆኖም ከሩቅ በነፋስ የመጣ በመሆኑ እንደ ጤፍ ዱቄት የላመ ነው፤ ለአርጎን ልኬት የሚበቃ ክሪስታል አይገኝበትም።

ሴሊን ቪዳል የመራችው ቡድን መፍትሔውን ያገኘው ኪቢሽ ላይ ሳይሆን ምንጩ ዘንድ ሄዶ ነው። አብረው ከሠሩት መካከል የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲው ጂኦሎጂስት አስፋወሰን አስራት ይገኙበታል። የእያንዳንዱ እሳተ ገሞራ ፍንዳታ አመድ የብረት፣ የአሉሚኒየምና የቲታኒየም መጠኑ ይለያያል። ተመራማሪዎቹ የኪቢሹን አመድ የመስታወት ቅንጣቶች በስምጥ ሸለቆው ካሉ እሳተ ገሞራዎች ናሙናዎች ጋር አንድ በአንድ ሲያመሳክሩ ከሻላ ጋር ገጠመላቸው። ሻላ ከኪቢሽ ከ350 ኪሎ ሜትር በላይ ይርቃል። ዛሬ ጎብኚ አእዋፍ ሊያይ የሚሄድበት ጥልቅ ሐይቅ የተኛው ያ ተራራ ፈንድቶ በተደረመሰበት ጉድጓድ ውስጥ ነው።

ሻላ ዘንድ የፍንዳታው ቅሪት ወፍራም ነው፤ ኪቢሽ ላይ የታጡት ክሪስታሎች እዚህ አሉ። ተለክተው የወጣው ዕድሜ 233,000 ዓመት ሆነ፤ ወደ ላይም ወደ ታችም 22,000 ዓመት ሊዛነፍ ይችላል። ውጤቱ በጥር 2022 «ኔቸር» በተባለው የሳይንስ መጽሔት ላይ ታተመ። አመዱ ከአጥንቶቹ በላይ ስለተነጠፈ፣ ይህ የኦሞ 1 ዝቅተኛ ዕድሜ ነው፤ የአጥንቶቹ ባለቤት ከዚያ ቀድሞ ኖሯል።

ቁጥሩ በተለወጠ ቁጥር በሳይንቲስቶች ላይ እምነት የሚያጡ ሰዎች አሉ። የኪቢሽ ታሪክ ግን የሚያሳየው ሌላ ነው፤ የሚለካው ነገር ከዛጎል ወደ አመድ፣ ከአመዱ ወደ ፈነዳበት ተራራ በተሻገረ ቁጥር ጥርጣሬው ጠበበ እንጂ አልሰፋም።

ያው ጥናት በአፋር ለተገኙት የሄርቶ ቅሪተ አካላትም የሚተርፍ ውጤት ነበረው። እነዚህ በ1997 የተገኙት የራስ ቅሎች 160,000 ዓመት ገደማ እንዳላቸው ይነገራል። የኪቢሹ አመድና በሄርቶ አጥንቶች ላይ የተነጠፈው አመድ አንድ ናቸው የሚል ክርክር ነበር። ቅንጣቶቹ ሲነጻጸሩ ግን አልገጠሙም፤ ስለዚህ የሻላ ፍንዳታ ለሄርቶ ሰዎች ዕድሜ መነሻ ሊሆን አይችልም።