ያለ ማዕርግ ያገለገሉ መምህርት፤ የአስቴር ጋኖ ሕይወትና ሥራ

በአገራችን የወንጌላውያን አብያተ ክርስቲያናት ታሪክ ሴት እረኛ መቼ ተነሣች? ይህን የሚጠይቅ ተማሪ የሹመት መዝገብ ቢመለከት አጭር መልስ ያገኛል። የፕሬስቢቴሪያን ሚሲዮን በደምቢ ዶሎ ሥራ የጀመረው በ1919 ነው (ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። ከዚያ ሥራ የተገኘችው የቤቴል ቤተ ክርስቲያን በ1974 ከመካነ ኢየሱስ ጋር አንድ ሆነች፤ መካነ ኢየሱስም የመጀመሪያዋን ሴት ቄስ የሾመችው በ2000 ነው። በመዝገቡ ብቻ ከሄድን እንግዲህ ከዚያ በፊት የነበሩት ሴቶች ሰሚዎች እንጂ አገልጋዮች አልነበሩም ልንል ነው። ይህ ፍርድ ትክክል አለመሆኑን የአስቴር ጋኖ ሕይወት ያስረዳል።

አስቴር የተወለዱት በ1872 ገደማ ነው። ነፃ ሆነው ተወልደው ሳለ በሊሙ እናርያ ንጉሥ እጅ ለባርነት ተዳረጉ። በ1886 ወደ ዓረብ አገር ለሽያጭ በጀልባ ሲወሰዱ የኢጣልያ መርከቦች ጀልባውን ያዙትና ነፃ ወጡ። ከዚያም በምጽዋ አጠገብ በእምኩሉ ወደሚገኘው የስዊድን ወንጌላዊ ሚሲዮን ትምህርት ቤት ገቡ፤ ቤታቸውም ይኸው ሆነ።

በዚያን ጊዜ ኦኔሲሞስ ነሲብ መጽሐፍ ቅዱስን ወደ ኦሮምኛ በመተርጐም ላይ ነበሩ። እርሳቸውም በሕፃንነታቸው ከአገራቸው ተሰርቀው የተሸጡ ስለ ነበሩ፣ ቋንቋውን በስፋት የሚያውቅ ረዳት ያስፈልጋቸው ነበር። አስቴር የቋንቋ ተሰጥዎ ያላቸው መሆኑ ስለ ታወቀ የኦሮምኛ መዝገበ ቃላት እንዲያዘጋጁ ተደረገ። በ1893 የታተመው አዲስ ኪዳን ሲታረም በዚህ መዝገበ ቃላት ተሠራበት። ከዚህም በላይ 500 ያህል እንቈቅልሾች፣ ተረቶች፣ ምሳሌዎችና ዘፈኖች ጽፈው አኖሩ፤ ብዙዎቹም በ1894 በወጣው የጀማሪዎች ማንበቢያ ውስጥ ገቡ። ለአንድ ሕዝብ የቃል ሀብት ይህ ትልቅ ውለታ ነው።

መላው መጽሐፍ ቅዱስ በ1899 በግዕዝ ፊደል ታትሞ ሲወጣ ግን በርእሱ ገጽ ላይ በተርጓሚነት የተጠቀሱት ኦኔሲሞስ ብቻ ናቸው። የኦኔሲሞስን ድካም ማንም አይክድም። ነገር ግን የመጽሐፉን አንደኛ ገጽ ብቻ የሚያነብ ታሪክ ጸሓፊ የሥራውን ግማሽ ሳያይ ይቀራል።

በ1904 አስቴር ከኦኔሲሞስና ከሌሎች ጋር ወደ ወለጋ ተመለሱ፤ በነጆም በመምህርነት አገለገሉ። ያረፉት በ1964 ነው። ማስተማር፣ ቃሉን ሕዝቡ በሚሰማው ቋንቋ ማቅረብ፣ ልጆችን ማሳደግ የእረኛ ሥራ ካልሆነ የእረኛ ሥራ ምንድር ነው? ማዕርጉ ዘገየ እንጂ ሥራው አልዘገየም።

ነገሩ የወለጋ ብቻ አይደለም። በደምቢ ዶሎ የጀመሩት ዶክተር ላምቢ ከፕሬስቢቴሪያን ሚሲዮን ከተለዩ በኋላ የመሩት ቡድን በ1928 ወደ ደቡብ ወረደ፤ በወላይታም በሶዶ አጠገብ ጣቢያ ተሠራ። ሚሲዮናውያኑ በኢጣልያ ወረራ ምክንያት በ1937 ሲወጡ ትተው የሄዱት 48 የተጠመቁ ምእመናን ነበሩ። ከጦርነቱ በኋላ ሲመለሱ ግን ምእመናኑ በብዙ ሺህ ተቈጥረው ተገኙ። ይህ ሁሉ ሲተረክ የሚነሡት ስሞች አብዛኞቹ የወንዶች ናቸው። በዚያ ጭንቅ ዘመን በየቤቱ ጸሎት ያስተባበረው፣ እንግዳውን ሰባኪ የመገበው፣ ለእስረኛ ስንቅ ያቀበለው ማን እንደ ሆነ ግን ሊጠየቅ ይገባዋል።

ስለዚህ ከሶዶ እስከ ዲምቱ ባሉት አጥቢያዎች ተወልደን ያደግን ተማሪዎች ለዕረፍት ወደ አገራችን ስንሄድ እርሳስና ደብተር ይዘን ከእናቶቻችንና ከአያቶቻችን ዘንድ ብንቀመጥ መልካም ነው። የአስቴር ስም የተረፈው የጻፉት ስላለ ነው። ያልጻፉት ሴቶች ስም ግን የሚያስታውሷቸው ሽማግሎች በሕይወት ሳሉ ካልተመዘገበ አብሮ ይቀበራል።