ፖላንድና ዩክሬን፦ አብረው ተነስተው ለምን ተራራቁ?

ቁጥሩን እናስቀድም። እንደ ዓለም ባንክ መረጃ በ1990 የፖላንድ የነፍስ ወከፍ ገቢ በዓመት 1,700 ዶላር ገደማ ነበር፤ የዩክሬን ደግሞ 1,570 ገደማ። ልዩነቱ እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። በ2021 ግን ፖላንድ 18 ሺህ ዶላር አካባቢ ስትደርስ ዩክሬን 4,800 አካባቢ ላይ ቀርታለች። (እዚህ ያሉት ዓመታት በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

«ጦርነቱ ነዋ!» የምትሉ አትጠፉም። እውነት ነው፣ ጦርነቱ ዩክሬንን ክፉኛ ጎድቷታል፤ በ2022 ብቻ ኢኮኖሚዋ በ29 በመቶ ገደማ ወርዷል። ነገር ግን ሩሲያ ክሪሚያን ከመያዟ በፊት፣ በ2013 እንኳ፣ የፖላንድ የነፍስ ወከፍ ገቢ ከዩክሬን በሦስት እጥፍ ይበልጥ ነበር። ክፍተቱ የተፈጠረው ጥይት ሳይተኮስ ነው።

«ዩክሬን ድሮም ደሃ ነበረች» የሚለውም አያስኬድም። በዓለም ለም ከሚባሉት አንዱ የሆነው ጥቁር አፈር፣ ብረታ ብረት፣ የድንጋይ ከሰል፣ የሮኬት ፋብሪካ፣ 52 ሚሊዮን ሕዝብ ነበራት። በደርግ ጊዜ ያደጉ ወላጆቻችን ስሙን በደንብ የሚያውቁት አንቶኖቭ አውሮፕላን ንድፉ የኪየቭ ነው። ከሶቪየት ኅብረት መፍረስ በኋላ የውጭ ዕዳውን ሩሲያ ስለወሰደችው ዩክሬን ነጻነቷን የጀመረችው ያለ ዕዳ ነበር ማለት ይቻላል። ፖላንድ ግን መክፈል ያቃታት ከ40 ቢሊዮን ዶላር በላይ የውጭ ዕዳ ነበረባት። ያኔ ማን ይቀድማል ብላችሁ ብትወራረዱ ፖላንድን ለመምረጥ ብዙ ምክንያት አልነበረም።

ታዲያ ምን ተፈጠረ?

መዋቅራዊ ማሻሻያ ሲባል ምን ማለት ነው?

እኛም ሀገር የብር ምንዛሬ በሐምሌ 2024 ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ «ሪፎርም» የሚለው ቃል ከአፍ አልወረደም። መንገድ መሥራት፣ ግድብ መገንባት፣ በጀት መጨመር መዋቅራዊ ማሻሻያ አይደለም። ማሻሻያው የጨዋታውን ሕግ መቀየር ነው። የዕቃን ዋጋ የሚወስነው ማን ነው? ከውጭ ዕቃ ለማስገባት ፈቃድ የሚሰጠው ማን ነው? ፋብሪካ ሲከስር ኪሳራውን የሚከፍለው ማን ነው? መሬቱ፣ ሱቁ፣ ፋብሪካው የማን ነው? የእነዚህ ጥያቄዎች መልስ ሲቀየር የሰዎች ባህሪም ይቀየራል። ትናንት ባለሥልጣን ቢሮ ደጅ ሲጠና የነበረ ነጋዴ ዛሬ ደንበኛ ፍለጋ ይወጣል። እድገት የሚመጣው ከዚህ ነው።

ፖላንድ፦ ሁሉንም በአንድ ጃንዋሪ

በ1980ዎቹ ፖላንድ ውስጥ ኮምጣጤ ብቻ የተደረደረበት የሱቅ መደርደሪያ እስካሁን የሚቀለድበት ነገር ነው። ሥጋ እስከ 1989 አጋማሽ በካርድ ይታደል ነበር። መንግሥት ዋጋ ይተምናል፣ ዕቃው ከሱቅ ይጠፋል፣ ሰው ወረፋ ይይዛል፣ ዶላር በጥቁር ገበያ ይመነዘራል። በዚያው ዓመት ኦክቶበር ላይ የአንድ ወር የዋጋ ንረት ብቻ ከ50 በመቶ አለፈ።

በሰኔው ምርጫ ኮሚኒስቶቹ ተሸንፈው ታዴውሽ ማዞቪዬትስኪ ጠቅላይ ሚኒስትር ሲሆን የገንዘብ ሚኒስቴሩን የሰጠው ለ42 ዓመቱ የኢኮኖሚክስ ምሁር ለሌሼክ ባልትሴሮቪች ነው። ሰውየው ጊዜ አላባከነም። የሕጎቹ ጥቅል በዲሴምበር መጨረሻ ጸድቆ ከጃንዋሪ 1 ቀን 1990 ጀምሮ ሥራ ላይ ዋለ። አብዛኛው ዋጋ ተለቀቀ፣ ድጎማ ተቆረጠ፣ ለከሰሩ የመንግሥት ድርጅቶች ይፈስ የነበረው ርካሽ ብድር ቆመ፣ የዝሎቲ ምንዛሬ አንድ ወጥ ሆኖ በ1 ዶላር 9,500 ዝሎቲ ተተመነ፣ ከውጭ ዕቃ ማስገባትም ለማንም ተፈቀደ።

ለምን ሁሉም በአንዴ? ብዙ ሰው ይሄን የችኮላ ጉዳይ አድርጎ ያየዋል። ግን እርምጃዎቹ አንዱ ለሌላው ምሰሶ ነበሩ። ዋጋ ለቅቀህ ከውጭ ማስገባትን ከከለከልክ ብቻውን ገበያውን የያዘው ፋብሪካ እንዳሻው ይጨምራል። ማስገባትን ፈቅደህ ኦፊሴላዊውን ምንዛሬ ከገበያው በታች አስረህ ካስቀመጥክ ዶላር በርካሽ የሚያገኝ ባለዘመድ ይከብራል። ሁለቱንም ለቅቀህ ገንዘብ ማተምህን ካላቆምክ ደግሞ የዋጋ ንረቱ ሁሉንም ይበላዋል።

ሕመሙ ቀላል አልነበረም። በጃንዋሪ 1990 ብቻ ዋጋ በ80 በመቶ ገደማ ዘለለ። በዚያው ዓመት የሀገሪቱ ምርት ከ11 በመቶ በላይ፣ በቀጣዩ ዓመት ደግሞ 7 በመቶ ገደማ ወረደ። ሥራ አጥነት የማይታወቅበት ሀገር በዓመቱ መጨረሻ ከ1 ሚሊዮን በላይ ሥራ አጥ ነበረው፤ በ1993 ደግሞ ቁጥሩ 16 በመቶ አካባቢ ደረሰ። በሰሜንና በምዕራብ ያሉት የመንግሥት እርሻዎች ሲፈርሱ ሠራተኞቻቸው ሜዳ ላይ ቀሩ፤ ብዙዎቹ ቀና ሳይሉ አረጁ። ባልትሴሮቪች ይውረድ የሚለው መፈክር በፖላንድ ለዓመታት የተሰማ ነው። ይሄንን ዘልሎ «ፖላንድ ተሳካላት» ብቻ ማለት ግማሽ ታሪክ ነው።

በሌላ በኩል ግን መደርደሪያው ሞላ። ሰዎች በታጣፊ አልጋና በመኪና ኮፈን ላይ ዕቃ ዘርግተው መንገድ ዳር መሸጥ ጀመሩ፤ ከእነዚያ ቸርቻሪዎች አንዳንዶቹ ቆይተው ባለ ድርጅት ሆነዋል። ከ1992 ጀምሮ ኢኮኖሚው አደገ፤ እስከ ኮቪድ ድረስም አንድም ዓመት ወደ ኋላ አልተመለሰም። የዓለም የገንዘብ ቀውስ አውሮፓን ባናጋበት በ2009 እንኳ ከአውሮፓ ኅብረት አባላት ያደገችው ፖላንድ ብቻ ነበረች። በኤፕሪል 1991 የዋርሶ የአክሲዮን ገበያ በአምስት ኩባንያዎች ሲከፈት ቦታው የት ነበር ብትሉ፣ የቀድሞው የኮሚኒስት ፓርቲ ዋና ጽሕፈት ቤት ሕንፃ ውስጥ!

ብዙ ጊዜ የሚዘነጋ ነገር አለ። ፖላንድ በሁሉም ነገር አልተጣደፈችም። ትንንሽ ሱቆችን ቶሎ ወደ ግል አዞረች፤ ትልልቆቹን ፋብሪካዎች ግን ለዓመታት በመንግሥት እጅ አቆየቻቸው። ድጎማ ስለተቆረጠባቸውና የውጭ ዕቃ ስለተፎካከራቸው ሳይሸጡም መለወጥ ግድ ሆነባቸው። በችኮላ ለጥቂት ሰዎች በርካሽ ስላልተቸበቸቡም ሀገር የሚያሽከረክሩ ኦሊጋርኮች አልተፈለፈሉም። በ1993 የቀድሞዎቹ ኮሚኒስቶች በምርጫ ተመልሰው ሲመጡ ደግሞ ጉዞውን አልቀለበሱትም።

ዩክሬን፦ ቀስ በቀስ

ዩክሬን በኦገስት 1991 ነጻነቷን ስታውጅ መሪዎቿ የፖላንድን ሕመም አይተው ነበር። «እኛስ ሕዝቡን አናስጨንቅ፣ ቀስ እንበል» አሉ። ሐሳቡ ሲሰሙት ደግ ነው። ዋጋው በከፊል ተለቀቀ፣ በከፊል ታሰረ። የከሰሩ ፋብሪካዎችና እርሻዎች እንዳይዘጉ ብድር ተሰጣቸው፤ ብድሩ የመጣው ደግሞ ከማተሚያ ማሽን ነው። በ1993 የዋጋ ንረቱ ከ10,000 በመቶ በላይ ሆነ። በዓመቱ መጀመሪያ በ1 የሚገዛው ዕቃ በዓመቱ መጨረሻ ከ100 በላይ ያወጣል ማለት ነው። ጡረተኛው ዕድሜ ልኩን ያጠራቀመው ገንዘብ ዳቦ አልገዛ አለ። በ1996 አዲሱ ገንዘብ ሕሪቭኒያ ሲመጣ አንዱ የተቀየረው በ100,000 አሮጌ ካርቦቫኔትስ ነው።

ፖላንድ ሁለት ዓመት ወደቀችና ተነሳች። ዩክሬን ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ወደቀች። በ1999 የሀገሪቱ ምርት ከ1990ው ግማሽ እንኳ አይሞላም ነበር፤ እድገት የተመለሰው በ2000 ነው። ሕዝቡ እንዳይጎዳ ተብሎ የተመረጠው መንገድ ይበልጥ ጎዳው።

ግን ሁሉም ሰው አልተጎዳም፤ የታሪኩ ዋና ቋጠሮም እዚህ ላይ ነው። በምሳሌ እንየው። አንድ ቶን ብረት በመንግሥት ተመን 20 ዶላር ነው እንበል፤ በዓለም ገበያ ደግሞ 200። ወደ ውጭ ለመላክ ፈቃድ ያስፈልጋል። ፈቃዱ ያለህ ሰው ፋብሪካ ሳትሠራ፣ አንድ ሠራተኛ ሳትቀጥር፣ በአንድ ቶን 180 ዶላር ኪስህ ገባ። በብረት፣ በማዳበሪያ፣ በጋዝ ላይ የተደረገው ይሄው ነው። ከሩሲያና ከቱርክሜኒስታን የሚመጣው ጋዝ ለቤተሰብ በርካሽ፣ ለፋብሪካ በውድ ይተመን ስለነበር ለቤት ተብሎ የወጣው ጋዝ መንገድ ላይ «ይጠፋና» ፋብሪካ ውስጥ ይገኛል። ድጎማው በድሆች ስም ተከፍሎ ትርፉ የሌላ ሆነ። በ1996 እና 1997 ጠቅላይ ሚኒስትር የነበረው ፓቭሎ ላዛሬንኮ በ2004 አሜሪካ ውስጥ በገንዘብ ማጠብ ወንጀል ጥፋተኛ ተብሏል።

ከዚያ ሁሉ ግን ነገሩን ቁልጭ አድርጎ የሚያሳየው የአንድ ፋብሪካ ታሪክ ነው። ክሪቮሪዥስታል የዩክሬን ትልቁ የብረት ፋብሪካ ነው። በ2004 መንግሥት ሸጠው፤ የገዙት ሪናት አኽሜቶቭና ቪክቶር ፒንቹክ ናቸው፤ ፒንቹክ የወቅቱ ፕሬዚዳንት የሊዮኒድ ኩችማ አማች ነው። ዋጋው 800 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ነበር። ከውጭ የበለጠ እንከፍላለን ያሉ ነበሩ፤ አልተሳካላቸውም። ከብርቱካናማው አብዮት በኋላ ሽያጩ ተሰረዘና በኦክቶበር 2005 እንደገና ለጨረታ ቀረበ፤ በዚህኛው ዙር ግን በቴሌቪዥን በቀጥታ ሥርጭት። ሚታል ስቲል በ4.8 ቢሊዮን ዶላር ወሰደው። ፋብሪካው ያው፣ ሠራተኛው ያው፣ ዋጋው ስድስት እጥፍ! የተለወጠው ደንቡና ካሜራው ብቻ ነው።

የፖለቲካ ሳይንስ ምሁሩ ጆኤል ሄልማን በ1998 ባሳተመው ጥናት ይህን ሁኔታ ከብዙ የምሥራቅ አውሮፓ ሀገሮች አንጻር አይቶታል። ከዚያ በፊት የነበረው ግምት ማሻሻያን የሚያደናቅፉት ተጎጂዎቹ፣ ማለትም ሥራ አጡና ጡረተኛው ናቸው የሚል ነበር። ሄልማን ያገኘው ተቃራኒውን ነው። ማሻሻያውን መሀል መንገድ ላይ የሚያቆሙት መጀመሪያ ላይ የተጠቀሙት ናቸው። በታሰረውና በተለቀቀው ዋጋ መሀል የቆመ ሰው ወደ ድሮው ሥርዓት መመለስ አይፈልግም፤ ወደፊት መሄድም አይፈልግም። መሀሉ ነው የሚመቸው። ጋዜጣ ይገዛል፣ ቴሌቪዥን ጣቢያ ይከፍታል፣ ፓርላማ ውስጥ ሰው ያስገባል፣ መሀሉም ለዘላለም እንዲቆይ ይታገላል።

እውነቱን ለመናገር

ሁሉንም ለባልትሴሮቪች መስጠት አይገባም። በፖላንድ በኮሚኒስት ዘመን እንኳ አብዛኛው የእርሻ መሬት በገበሬው እጅ ነበር፤ የግል ንግድን የከፈተው ሕግ የወጣው ደግሞ በዲሴምበር 1988፣ ኮሚኒስቶቹ ሥልጣን ላይ እያሉ ነው። አበዳሪ መንግሥታት በ1991 ዕዳዋን በግማሽ ለመቀነስ ተስማሙላት። ጀርመን ጎረቤቷ ናት፤ የመኪና ፋብሪካዎቿ ወደ ፖላንድ ለመስፋፋት ሩቅ መሄድ አላስፈለጋቸውም። የአውሮፓ ኅብረት አባል የመሆን ተስፋም እንደ ልጓም ሠርቷል፤ ማንም ፓርቲ ቢያሸንፍ የቤት ሥራው ዝርዝር ያው ስለነበር እስከ ሜይ 2004 ድረስ አቅጣጫው ብዙ አልተዛነፈም። ዩክሬን በበኩሏ ሀገር ከባዶ መገንባት ነበረባት፤ የራሷ ገንዘብም፣ ራሱን የቻለ ብሔራዊ ባንክም አልነበራትም። ከዚያም ኅብረቱ ለረጅም ጊዜ በሩን አልከፈተላትም።

ዩክሬን ዘግይታ የሠራችው ግን ትንሽ አይደለም። ከ2014 በኋላ የጋዝ ዋጋ ወደ ገበያው ሲጠጋ፣ ለዓመታት የመንግሥትን በጀት ሲግጥ የነበረው ናፍቶጋዝ የተባለው የመንግሥት ኩባንያ ከኪሳራ ወጣ። ከነበሩት 180 ገደማ ባንኮች ግማሽ ያህሉ ተዘጉ፤ ትልቁ ፕራይቫትባንክ በ2016 ወደ መንግሥት ዞረ። የመንግሥት ግዢ «ፕሮዞሮ» በተባለ ሥርዓት ኢንተርኔት ላይ ወጥቶ ማንም ሰው የሚያየው ሆነ። ከ2001 ጀምሮ ታግዶ የነበረው የእርሻ መሬት ሽያጭ በጁላይ 2021 ተፈቀደ። ስምንት ወር አልሞላም፣ የሩሲያ ታንኮች ድንበሩን ተሻገሩ።

በጦርነቱ መሀል እንኳ የመሀሉ ሰዎች አልተኙም። በጁላይ 22 ቀን 2025 ፓርላማው በ2015 የተቋቋመውን የጸረ ሙስና ቢሮ ነጻነት የሚገፍ ሕግ አጸደቀ፤ ፕሬዚዳንት ዜለንስኪም በዚያው ቀን ፈረመበት። በዚያው ምሽት ወጣቶች ካርቶን ላይ በእጃቸው የጻፉትን መፈክር ይዘው በኪየቭና በሌሎች ከተሞች አደባባይ ወጡ። ብዙዎቹ ሃያዎቹን ያልተሻገሩ ናቸው፤ ሕሪቭኒያ ሲታተም ገና አልተወለዱም። ፓርላማው በዘጠነኛው ቀን፣ በጁላይ 31፣ ተሰብስቦ የቢሮውን ነጻነት መለሰ።