የሂት ፓምፕ ውሃ ማሞቂያና ተጠባባቂው ኤሌክትሪክ
ሂት ፓምፕ ከአካባቢው አየር ሙቀትን ወስዶ ወደ ውሃ የሚያስተላልፍ መሣሪያ ነው። ብርድ በማይጠናባቸው በዱባይ፣ በሻርጃና በአጅማን መኖሪያ ቤቶች የሚውለው በተለይ የመታጠቢያ ውሃ ለማሞቅ ነው።

በ1 ኪሎዋት ሰዓት ኤሌክትሪክ ሂት ፓምፑ 3 ኪሎዋት ሰዓት ያህል ሙቀት ሲሰጥ፣ ተጠባባቂው ሬዚስታንስ የሚሰጠው 1 ብቻ ነው። በመሆኑም ሬዚስታንሱ የሚያስፈልገው ፓምፑ ሲበላሽ፣ ብዙ ሰው በተከታታይ ሲታጠብ፣ ወይም ሌጂዮኔላ የተባለው ባክቴሪያ በበርሜሉ እንዳይራባ ውሃውን 60 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ለማድረስ ነው። ዘወትር በርቶ ከዋለ የፓምፑ ቁጠባ ከንቱ ይቀራል።

ሬዚስታንሱ የራሱ ብሬከር፣ የመሬት ሽቦና ቴርሞስታት፣ በርሜሉም የግፊት ማስተንፈሻ ቫልቭ ሊኖራቸው ይገባል። ገጠማው ፈቃድ ላለው ባለሙያ የሚተው ሥራ ነው፤ ተከራይም አስቀድሞ የቤቱን ባለቤት ማስፈቀድ ይኖርበታል።

የኤሌክትሪክ አገልግሎቱን በዱባይ ዴዋ፣ በሻርጃ ሴዋ፣ በአጅማን ደግሞ ኢትሃድ ውሃና ኤሌክትሪክ ይሰጣሉ።