እንቆቅልሽ፣ ስውር ልሳንና ሦስቱ ጥራዞች

እንግዲህ ወገኖቼ፣ ጠጋ ጠጋ በሉና አድምጡኝ። ነገሩ ረዘም ይላል፤ ጊዜ ግን አለን።

መስከረም ጠብቶ መስቀል ሲቃረብ የጉራጌ ልጅ አገሩ ይገባል። ከመርካቶ ሱቁን ቆልፎ ይነሣና አንዱ በቱሉ ቦሎ፣ በወሊሶ አድርጎ ወልቂጤ ይወርዳል፤ ሌላው በዓለም ገና ወጥቶ፣ የጢያን ትክል ድንጋዮች አልፎ፣ በቡኢ በኩል ቡታጅራ ይደርሳል፤ ከዚያም ከአስፋልቱ ተገንጥሎ፣ ጭቃው ገና ያልጠነከረውን መንገድ ይዞ፣ ግራና ቀኝ ቤት የተሰለፈበትን፣ ሣር የለበሰውን ሰፊ ጀፎረ ሲረግጥ፣ ያን ጊዜ ነው ደረስኩ የሚለው። ከዚያም እናት ለበዓሉ ብላ ያኖረችው ቅቤ ይወጣል፤ ክትፎው በኮባ ቅጠል ይቀርባል፤ ይበላል፣ ይመረቃል፤ ከዚያም ሲመሽ ልጆቹ እሳቱን ከበው እንቆቅልሽ ይጀምራሉ።

ጨዋታውን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። አንድን ነገር ስሙን ደብቆ በጠባዩና በሥራው ብቻ መፍታት ነው። መልሱ የጠፋው አገር ይሰጣል። የወልቂጤው ልጅ «ቡታጅራን ሰጠሁህ» ቢል፣ ጠያቂው መልሱን ቶሎ አይነግረውም፤ ቡታጅራ ይገባል፣ ገበያውን ይዞራል፣ ይበላል ይጠጣል፣ ከዚያም መመለስ ያቃተውን ልጅ እንደ ልቡ ያብጠለጥለዋል፤ ቤቱ በሳቅ ሲሞላ ነው ፍቺው የሚወጣው። አያትየው በመሐል እሳቱን ቆስቆስ ያደርጋሉ፤ መልሱን ያውቁታል፣ ግን አይናገሩም። ታላላቆቹ ደግሞ ሕፃኑ እንዳይሰማ በወፍ ቋንቋ ይነጋገራሉ፤ በየድምፁ መካከል «ዘ»ን እየሰነቀሩ «ናዛ ቡዙናዛ ጠዘጣዛ» ይላል አንዱ፣ ሌላው ተነሥቶ ይሄድና ቡናውን ይጠጣል፣ ሕፃኑም አፉን ከፍቶ ይቀራል።

ቃልን በጨዋታ መፍታት የኛ ብቻ አይደለም። እንግሊዛዊው ሳሙኤል ጆንሰን እ.ኤ.አ. በ1755 ትልቁን መዝገበ ቃላት ሲያወጣ ቁም ነገሩን በፌዝ እያዋዛ ነበር። ይህ ሰው ለኛም ባዳ አይደለም፤ በወጣትነቱ ፖርቱጋላዊው አባ ሎቦ ስለ ሐበሻ የጻፈውን የጉዞ መጽሐፍ ተርጉሟል፣ በ1759ም ራሴላስ ስለተባለ የሐበሻ ልዑል ልብ ወለድ ጽፏል። እሱ አጃን ሲፈታ፣ እንግሊዝ አገር የፈረስ ቀለብ የሆነ፣ ስኮትላንድ ግን ሰው የሚኖርበት እህል ነው ብሎ ጻፈ። እንግሊዞቹ ሳቁ። ስኮትላንዶቹ ምን እንደተሰማቸው፣ ቆጮ በልቶ ያደገ የጉራጌ ልጅ ሳይነገረው ይገባዋል። ቆጮ የሚወጣበትን እንሰት ሳይቀምሱ የቀለዱበት ብዙ ነበሩ፤ እንሰት ግን ዝናብ በቀረበት ዓመት እንኳ ጓሮ ቆሞ ቤተሰብ ያሳድራል። ፍቺ ባለቤቱ ሲፈታው ጨዋታ ነው፤ ባዳ ሲፈታበት ስድብ ይሆናል።

ይህን ይዛችሁ ስለ አንድ መንገደኛ ልንገራችሁ። ዎልፍ ሌስላው ይባላል። እ.ኤ.አ. በ1906 ፖላንድ ውስጥ ክሼፒትሴ በምትባል ትንሽ ከተማ ከአይሁድ ቤተሰብ ተወለደ፤ በልጅነቱ ወላጆቹን አጣ፤ ከዚያም ቪየና ሄዶ የሴም ቋንቋዎችን ተማረ፣ ከዚያም ፓሪስ ወርዶ ማርሴል ኮኸን ከሚባለው ሊቅ እግር ሥር ተቀመጠ። ከዚያም ሁለተኛው የዓለም ጦርነት መጣ። የፈረንሳይ ፖሊስ ያዘውና የ1939ን መራራ ክረምት በፒሬኔ ተራሮች ግርጌ ባለ ማጎሪያ፣ ከሚስቱና ከልጁ ጋር፣ በብርድ አሳለፈ፤ ኋላም ወደ ሌላ ማጎሪያ ተወሰደ፤ ናዚዎች ሳይደርሱበት በረድኤት ድርጅት ሰዎች እጅ አምልጦ በ1942 አሜሪካ ገባ። ጦርነቱ ሲያበቃም የሚወዳቸውን የሴም ቋንቋዎች ከተናጋሪዎቹ አፍ ሊሰማ በ1946 ኢትዮጵያ መጣ።

ሰው ያን ያህል ተሳድዶ ቃል ለመልቀም መነሣቱ ይደንቀኛል። በዓባይ ወገን የጋፋትን ቋንቋ ቢፈልግ የሚናገሩት አራት ሰዎች ብቻ ተገኙ፤ ከነሱ ሰምቶ ጻፈ፣ ቋንቋውም ብዙ ሳይቆይ ጠፋ። ከዚያም የሚደበቁ ልሳኖችን ተከተለ፤ የአዝማሪዎችን፣ የነጋዴዎችን፣ ዛር የሰፈረባቸውን ሰዎች አነጋገር እየለየ መዘገበ። ጉራጌ ዘንድ ሲደርስ ደግሞ የልጃገረዶችን ስውር ልሳን አገኘ።

ነገሩ እንዲህ ነው። በሰባት ቤት ጉራጌ ደሟሟዊት በምትባለው መንፈስ ጥላ ሥር ያለ ምወየት የሚባል የሴቶች ማኅበር ነበረ። ልጃገረዶቹ ተለይተው ይከርማሉ፣ ሥርዓቱን ይማራሉ፣ ከዚያም ሌላው ሰው የማይሰማው ልሳን ይማራሉ። ሰዋስው ያው የቤታቸው ነው፤ ቃሉ ግን ተገልብጧል፣ ድምፅ ተጨምሮበታል፣ ወይም ነገሩ በሥራው ተሰይሟል። እንቆቅልሹን ወስደው መነጋገሪያ አደረጉት ማለት ነው። ሌስላው ይህን እ.ኤ.አ. በ1964 ጽፎ አሳተመ።

አስተማሪዎቻቸውስ እነማን ነበሩ? እንጨት የሚጠርቡት፣ የቤቱን ምሰሶ የሚያቆሙት፣ ሌላው ሰው «ፉጋ» እያለ ከማዕድ የሚያርቃቸው፣ መሬት የሚነፍጋቸው የእጅ ባለሙያዎች ነበሩ። ዊልያም ሻክ የተባለው አሜሪካዊ አጥኚ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ጽፎታል። ያለ እነሱ ቤት አይቆምም፣ ልጃገረድም ሥርዓቷን አትፈጽምም፤ በደሉ ግን በስማቸው ላይ ተጭኖ ኖረ። ይህ ስም ዛሬም ለስድብ ሲጠራ ብሰማ ያመኛል፤ ልጆቻችሁ ሲሉት ብትሰሙ ዝም አትበሉ።

በዚያው በ1964 ደግሞ ደስ የሚል ነገር ሆነ። የጉራጌ ተወላጁ ሣህለ ሥላሴ ብርሃነ ማርያም በቸሃ ቋንቋ ልብ ወለድ ጽፎ ነበር፤ ሌስላው ወደ እንግሊዝኛ መለሰውና «የሺነጋ መንደር» በሚል ስም ካሊፎርኒያ ላይ ታተመ። ሣህለ ሥላሴ ኋላ በአማርኛም በእንግሊዝኛም ብዙ ጻፈ፤ የመጀመሪያው ግን በእናቱ ቋንቋ ነበር። ከዚያም በ1979 የሌስላው የጉራጌ ቋንቋዎች ሥርወ ቃላዊ መዝገበ ቃላት በሦስት ጥራዝ ጀርመን ውስጥ ወጣ፤ ቸሃውም፣ ክስታኔውም፣ መስቃኑም፣ ወለኔውም እያንዳንዱ ለየብቻው ተሰልፎበታል። ሰውየው በ2006 መቶ ዓመት ሞልቶት አረፈ።

የክርስትናው ስብከትም እስልምናውም ሲሰፋ ምወየት እየቀረ ሄደ፤ ያን ልሳን በልጅነታቸው የሰሙት እናቶች ዕድሜያቸው ገፍቷል። ስለዚህ አደራዬ ይህ ነው፤ በቸሃም በእዣም፣ በመስቃንም በዶቢም አያት ያላችሁ፣ ልጅ ሳሉ የሚደባበቁበትን ቃል ጠይቋቸው፤ በስልካችሁ ድምፃቸውን ቅረጹ፤ ማን እንደተናገረው፣ የት መንደር እንደሆነ ጻፉበት፤ ቅጂውንም ጉብርዬ ላለው የወልቂጤ ዩኒቨርሲቲ የቋንቋ መምህራን ስጡ።