የዝንጉርጉሩ ሐረግ ባለውለታዎች

በ19ኛው ክፍለ ዘመን የለንደን ሰማይ በድንጋይ ከሰል ጭስ የጠቆረ ነበር። ጥላሸቱ በየቅጠሉ ላይ ይጋገራል፤ ለስላሳ አበቦች ሳይፈኩ ይጠወልጋሉ። ይህን ችለው ካደጉት ጥቂት ዕፅዋት አንዱ አይቪ ነው፦ ዓመቱን ሙሉ ቅጠሉን የማያራግፍ፣ ጥላ የማይከፋው፣ ከግንዱ በሚያወጣቸው ጥቃቅን ሥሮች ግድግዳ ላይ ተጣብቆ የሚወጣ ሐረግ። የአገራችን ጌተም የቅርብ ዘመዱ ነው፤ ሁለቱም ከአንድ የዕፅዋት ቤተሰብ ይመደባሉ፤ ሁለቱንም ንቦች ይወዷቸዋል።

የከተማው ሰው ይህን ሐረግ ከግቢው አልፎ ሳሎኑ ውስጥ አስገባው። በእንጨት ሣጥን ተክሎ በሽቦ ላይ እያሳደገ ክፍል መከለያ አደረገው። ይበልጥ የተወደደው ግን ዝንጉርጉሩ ነበር፤ ጠርዙ ነጭ፣ ወይም እንደ ቅቤ ቢጫ የሆነው። በጨለማ ማዕዘን ላይ ብርሃን ይጨምራልና ምርጫቸው ትክክል ነበር።

ዝንጉርጉሩ ቅጠል የሚገኘው በአጋጣሚ ነው። በአረንጓዴ ተክል ላይ ካሉት ቡቃያዎች በአንዱ፣ ከቅጠሉ የሕዋስ ንብርብሮች ከፊሉ አረንጓዴ ቀለሙን ያጣል። ያን ቡቃያ ያየ ሰው ቆርጦ ሥር ካላስያዘው ጠፍቶ ይቀራል፤ ከዘሩ የሚበቅለው አረንጓዴ ነውና። ሥር ከያዘ በኋላም ጠባቂ ይፈልጋል። አረንጓዴ ቅርንጫፍ ድንገት ብቅ ካለ፣ ምግብ የማዘጋጀት አቅሙ ስለሚበልጥ ሌላውን ውጦ ያድጋል። ስለዚህ አትክልተኛው ከሥር ከሥሩ መቁረጥ አለበት። ዛሬ ያሉት ዝንጉርጉር አይቪዎች እንዲህ ባሉ ሰዎች መቀስ እዚህ የደረሱ ናቸው።

ከእነዚህ ሰዎች ስሙ ጎልቶ የቀረው ሸርሊ ሂበርድ ነው። ለንደን ውስጥ በስቶክ ኒውንግተን የኖረው ይህ የአትክልት ጸሐፊ፣ እ.ኤ.አ. በ1872 ስለ አይቪ ብቻ የሚናገር መጽሐፍ አሳተመ። ሐረጉን ያስከበረ ሥራ ነው። ያም ሆኖ ያልወደዳቸውን የቀድሞ ስሞች እየተወ በራሱ ስሞች መተካቱ ጉዳት አስከትሏል፤ ችግኝ ሻጮች በአሮጌው ስም ሲቀጥሉ አንዱ ተክል በሁለትና በሦስት ስም ይጠራ ጀመር።

አዳዲስ ዝርያዎች ከብዙ አቅጣጫ መጡ። የካውካሰስ አካባቢ ተወላጅ የሆነው ባለ ሰፊ ቅጠል አይቪ ክሬምና ቢጫ ጠርዝ ያላቸውን አስገኘ። በጄኖቫ አጠገብ ባለችው የጣሊያን ከተማ ስም «ኦሮ ዲ ቦልያስኮ»፣ የቦልያስኮ ወርቅ፣ የተባለው ደግሞ ወርቁን መሐል ላይ አድርጎ በአረንጓዴ ይከበዋል።

የስሙን ዝብርቅ ለማጥራት ጊዜ ወስዷል። እ.ኤ.አ. በ1973 የተመሠረተው የአሜሪካ የአይቪ ማኅበር የዝርያ ስሞች ዓለም አቀፍ መዝጋቢ ሆነ፤ ዝንጉርጉሮቹም በምደባው የራሳቸውን ክፍል አገኙ። በዚያው አገር በኦሪገን ግዛት ግን የእንግሊዙ አይቪ ከግቢ አምልጦ ደኑን ስላለበሰ ሽያጩ ታግዷል። ወፎች ፍሬውን በልተው ዘሩን በየጫካው ይጥላሉ፤ እዚያ የሚበቅለው ሁሉ ግን አረንጓዴው ነው።